ለይበልጣል የሰገድኩት አርባ ቀን

ባለፈው አርብ ከሰዓት... ገበያው ሊበተን ሲል የይበልጣል እናት እትዬ ጥሩዬ ስልክ ወደምጠግንባት ሱቄ ገቡና ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። እናቴን የሚያህሉ ሴት!

ክንዳቸውን ለቀም አድርጌ «ኧረ በማርያም! ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው።

«ዋሽቼህ ነበር ልጄ። ይቅር በለኝ።»

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደኋላ ልመለስ።

ይበልጣል የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋች ነው። አዲስ አበባ ለክለብ ፈርሞ፣ በእሱው ደመወዝ የሚበላ። እዚሁ አርብ ገበያ ከተማ አንድ ክፍል ነው የተማርነው። ሁለት ዴስክ ገጥመን፣ መሃሉ ላይ ደብተር ደርድረን መረብ እያደረግን አብረን ጀመርን። ያኔ አብዛኛውን ጊዜ የማሸንፈው እኔ ነበርኩ። የሚመሰክርልኝ ሰው ጠፋ እንጂ! ደብረ ታቦር ለተጫዋቾች ምርጫ ስንሄድ መራጩ አሰልጣኝ አንድ ልጅ ብቻ ነበር የፈለገው። የእኔና የእሱ ግጥሚያ የመጨረሻዋ ኳስ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨርፋ በእኔ በኩል ወደቀች። እሱ ሄደ፣ እኔ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ እቀናበታለሁ። ምን እደብቃለሁ? ፎቶው ስልኬ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር በአውራ ጣቴ ገፍቼ አሳልፈዋለሁ። ስልክ ሊያስጠግን የመጣው ሁሉ የእሱን ቪዲዮ ከፍቶ «የእኛ ልጅ እኮ ነው!» ይለኛል... እኔ እንደማላውቀው። ስሙ ራሱ ይበልጣል! አንዴ በመጀመሪያው ዙር ተሸንፎ ሲወጣ ጎረቤቶቼን በሙሉ ሻይ ጋብዣለሁ። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም።

በኋላ ግን ሻዩ ራሱ ሕሊናዬን አላስቀምጥ አለው። ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። አባ በቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ቁጣ የማያውቁ ሰው ናቸው።

«አርባ ቀን፣ በየማለዳው አርባ አርባ ስገድ» አሉኝ።

«ይሁን አባ» አልኩ፣ በዚህ ከተገላገልኩማ ብዬ።

«ለራስህ አይደለም። ለእሱ ነው። እንዲሳካለት፣ በስሙ እየጠራህ። ክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«እንግዲያው ጠይቅ። በዓለም ስሙማ አይሆንም።»

ለራሱ ለይበልጣል ደውዬ «ቀንቼብህ ንስሐ ተሰጥቶኛልና ክርስትና ስምህን ንገረኝ» ልበለው? ሞቼ እገኛለሁ! ስለዚህ በገበያ ቀን እናቱ ገብስ ወደሚሸጡበት ሄድኩ።

«እትዬ፣ የይበልጣል ክርስትና ስሙ ማን ነበር?»

እየሰፈሩበት የነበረው ቁና እጃቸው ላይ ቀረ።

«ለምን ፈለግኸው?»

«ለጸሎት ነው።»

ብዙ አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው «ወልደ ሚካኤል» አሉኝ።

የእኔን ቂልነት ተመልከቱልኝ። በእኛ አገር የሰውን ክርስትና ስም የሚጠይቅ ወይ ቄስ ነው፣ ወይ መተት ሊያስደርግ የተነሳ ምቀኛ ነው። እኔ ደግሞ ቄስ አይደለሁም። ይህ ያኔ ትዝ አላለኝም።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ኪዳን ላይ ጀመርኩ፤ በሰንበት ስግደት ስለሌለ ስሙን ጠርቼ ብቻ ተመለስኩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ጥርሴን ነክሼ ነው የሰገድኩት። «ባሪያህን ወልደ ሚካኤልን አስበው፣ መንገዱን አሳካለት...» በሃያኛው ቀን አካባቢ ይበልጣል ትልቅ ውድድር አሸነፈ። ዋንጫውን ይዞ ሳየው ደስ አለኝ! ደስ መሰኘቴ ራሱ አስደነገጠኝ። ለካ በሆዴ «ግማሹ የእኔ ስግደት ነው» እያልኩ ኖሯል። «እንኳን ደስ አለህ» ብዬ ጻፍኩለት፣ ከነቀይ የልብ ምልክቱ። በቃ ዳንኩ አልኩ። ሐሙስ አርባው ሞላ።

በማግስቱ ነው እንግዲህ እትዬ ጥሩዬ የመጡት። ወንበር ሰጥቼ አስቀመጥኳቸው።

«ልታስደግምበት ነው ብዬ ፈራሁ» አሉኝ። «ከልጅነታችሁ ጀምሮ እሱን የምታይበትን ዓይንህን አውቀዋለሁ። ወልደ ሚካኤል የይበልጣል ታላቅ ነው፣ በሦስት ዓመቱ ኩፍኝ የወሰደብኝ። የሞተን ምን ያደርጉታል ብዬ የእሱን ስም ሰጠሁህ።»

ቅናቴን ከእኔና ከአባ በቀር የሚያውቅ ያለ አልመሰለኝም ነበር።

«ትናንት ኪዳን ላይ ከኋላህ ቆሜ ነበር። ወልደ ሚካኤልን አስበው ስትል ሰማሁህ። ይኸን ሁሉ ዘመን ስሙን የምጠራለት እኔ ብቻ ነበርኩ ልጄ። ሌላ ሰው ሲጠራልኝ...» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሰው ቢሆን ኖሮ አብሯቸው ያለቅሳል። እኔ ግን ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? «እንዴ! ስግደቴ አልደረሰውም። ይህ ሰው ዋንጫውን ያለ እኔ ነው የበላው!» ቅናቴ እንደ ድሮው ቦግ አለ።

እትዬ ግን የውስጤን አላዩም። ሲወጡ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው የይበልጣልን እውነተኛ ክርስትና ስም ሹክ አሉኝ። አምነውኝ።

ቅዳሜ ለአባ ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ የመጨረሻዋን ሐሳቤንም ጭምር። መቁጠሪያቸውን እስከ ጫፉ ቆጠሩ።

«ያለፈው ለሕፃኑ ይሁንለት» አሉ በመጨረሻ። «ለሕያው ግን ሀ ብለህ ጀምር።»

ይኸው ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ አደራ ነው። ትናንት ማታ ይበልጣል እንደገና አሸነፈ ሲሉ ሰማሁ... በዚህኛው ግን እጄ አለበት፣ ማንም አይነጥቀኝም!