ሳይዘረጋ የከረመው የአልጋ ልብስ

ለክብር ቀን ያስቀመጠው አንዳች ነገር የሌለው ቤት፣ ክብር የሌለው ቤት ነው። በእኛ በአቲዩ ደሴት ይህን የሚክድ የለም፤ ቴፓኢሩም የምትመሰገነው በዚሁ ነበር።

ቴፓኢሩ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ሆና አንድ ቲቫኤቫኤ ሰፋች፤ በቀይ ጨርቅ ላይ ትልልቅ ነጭ አበቦች የተሰፉበት የአልጋ ልብስ ነው። አበቦቹን የነደፈላት ባሏ ኢኦታማ ነበር። ስፌቱ እንዳለቀ ግን ታጥፎ ሣጥን ገባ። የሚወጣው የልጅ ልጃቸው ፀጉር በሚቆረጥበት ቀን ነው። በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ፀጉሩ መቀስ ሳይነካው ያድግና፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ እንዲህ ያለ ጨርቅ በለበሰ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይቆረጥለታል፤ ጨርቁም የእሱ ይሆናል።

ባሕር ማዶ ኦክላንድ ከተማ ያሉት፣ በዓሉ ያለ እነሱ የማይደረገው ዘመዶች ግን በየዓመቱ "ለከርሞ" ይሉ ነበር። በዚህ መካከል የኢኦታማ ዓይን በስኳር በሽታ እየደከመ ሄደ።

አንድ ቀን እኛ ጎረቤቶቹ ባለንበት፣ "አንቺ ቴፓኢሩ፣ እስቲ አልጋው ላይ ዘርጊልኝ። አበባዬ እንዴት እንደወጣ ልየው" አላት።

"ልታንኮራፋበት? ስንት ሴት ጣቷን የተወጋችበትን!"

"ኧረ ቆሜ ነው የማየው።"

"አንተ? ስብከት ላይ እንኳ እንቅልፍ የሚጥልህ ሰውዬ! ጠብቅ፤ ቀኑ ሲደርስ ከሰው ሁሉ ፊት ታየዋለህ።"

ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ግን አልጠየቃትም።

ቀኑ በመጨረሻ ደረሰ። ከበሮው ተመታ፣ ወንበሩ ለበሰ፣ ሴቶቹ በአድናቆት ጮኹ። ኢኦታማ ሰው እጁን ይዞት ቀረበና ጨርቁን ዳበሰው።

"ቀዩ ላይ ነኝ ወይስ ነጩ ላይ?"

ቴፓኢሩ ጎንበስ ብላ ጣቶቹን አየች። "ነጩ ላይ። አበባህ ላይ ነህ።"

"ስፌቱስ ጠብቋል። አበባውን እንግዲህ እናንተ እዩልኝ።"

በዓሉ ሲያበቃ ቴፓኢሩ ጨርቁን ከወንበሩ ገፍፋ ወደ ቤቷ ይዛው ሄደች። ዘመዶቿ "የልጁን ድርሻ!" ብለው አጉረመረሙ፤ አልሰማቻቸውም። ዛሬ ኢኦታማ ይተኛበታል፣ ያንኮራፋበታልም። ልማዱን መጣሷን አልነቅፍም፤ የዘገየ ደግነት ግን ያለፈውን አይመልስም።

ክብር የሚገባው ቀን ሳይሆን ሰው ነበር። ለኢኦታማም ዓይኑ ሳይጠፋ፣ በቀን ብርሃን፣ አንድ ጊዜ ሊዘረጋለት ይገባ ነበር።