ላልተሠራ ድልድይ ያጨበጨብን ዕለት

ነገሩ የሆነው ካቻምና ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ዛሬም ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ሲጠርግ ባየሁ ቁጥር ትዝ እያለኝ ሳቄ ይመጣል።

የምንኖረው ፉሪ ነው። በሰፈራችንና በልጆቻችን ትምህርት ቤት መካከል ወንዝ አለ። በበጋ ድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል። በክረምት ግን ያስፈራል። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ልጄን ሶስናን ጎርፍ ጥሏት አንድ መንገደኛ በቦርሳዋ ማንገቻ ጎትቶ አወጣልኝ። ስሙን እንኳ አላወቅሁም፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

የእግረኛ ድልድይ እንዲሠራልን ብዙ ለመንን። በመጨረሻ አንድ ኃላፊ መጥተው ያነጋግሯችኋል ተባልን። በእናቶች ስም የምትናገር ስትፈለግ እኔን መረጡኝ።

«አንቺ ወሬ አታበዢም፤ ሳይሰለቹ ይሰሙሻል» አለችኝ ጎረቤቴ ዘይነባ።

ልብስ ሳጥብም ሽንኩርት ስከትፍም የምናገረውን ስለማመድ ሰነበትኩ። በዕለቱም እመቤቴን «አደራሽን» ብዬ ከቤት ወጣሁ።

የእድሩ ድንኳን ተተክሎ ጠበቅን። ኃላፊው አርፍደው መጡ። ከመኪና ወርደው በቀጥታ ማይክሮፎኑን ያዙ። የት እንደመጡ ማንንም የጠየቁ አልመሰለኝም።

«እንኳን ደስ ያላችሁ!» አሉ። «ይህ ውብ ድልድይ የጥያቄያችሁ ምላሽ ነው። ልጆቻችሁ ከእንግዲህ ያለ ሥጋት ይሻገራሉ!»

የመድረክ መሪው አጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን። እጃችን ለምዶበት ነው እንጂ የተባለው ገብቶን አይደለም።

ዘይነባ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «እቴ፣ መቼ ሠሩት? ተኝተን ነው?»

ጭብጨባው አበረታታቸው። የብረቱን ጥንካሬ፣ የመብራቱን ውበት አወደሱ። መሪው ሊያንሾካሽክላቸው ቢጠጋ በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ሹፌራቸው ኋላ እንደነገረን፣ ጠዋት ሌላ ሰፈር ድልድይ መርቀው ነበር የመጡት። ለእኛም ያንኑ ንግግር ደገሙልን።

ተራዬ ሲደርስ ማይክሮፎኑን ተቀበልኩ። ዝም ካልን ድልድዩ «ተሠርቷል» ተብሎ ሊቀር ነው፤ ያውም አጨብጭበንለት። ደግነቱ ንግግሬን ስላጠናሁት የቱን ትቼ የቱን እንደምል አላጣሁም።

«ክቡርነትዎ፣ ስለመጡልን እግዚአብሔር ያክብርዎ» አልኩ። «ድልድዩን ግን እኛ አላየነውም። ወንዙ ከድንኳኑ ጀርባ ነው። እርስዎ ቀድመው ይሻገሩልንና ልጆቻችንን አስከትለን እንመጣለን።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ «አሜን!» ሲሉ ሁሉም በሳቅ ፈረሰ።

እምቢ እንዳይሉ ነውር ሆነባቸው፤ ሄድን። ውሃው ደፍርሶ ይወርዳል። ኃላፊው ግራ ቀኝ አዩ።

«ድልድዩ የታለ?»

«እኛም እርስዎን ልንጠይቅ ነበር፣ ጌታዬ» አለች ዘይነባ።

እዚያው ወንዙ ዳር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አሠራለሁ ብለው ቃል ገቡ። እንዲያ አፍረው ባይሆን ኖሮ ቃል የሚገቡ አይመስለኝም።

ድልድዩ በቀጣዩ በጋ ተሠራ። ሊመርቁት የመጡትም እሳቸው ናቸው። የዚያን ቀን ደህና ተዘጋጅተው ነበር። «ችግራችሁን በሩቅ ሰምቼ ዝም አላልኩም፤ ወንዙ ድረስ ወርጄ በዓይኔ አየሁ» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። ዘይነባ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

እኔ አልከፋኝም። ዘንድሮ ሶስና ዝናብ እየወረደ እንኳ በደህና ሄዳ በደህና ትመለሳለች። ምስጋናው ለእሳቸው ይሁን ካሉ ይውሰዱት፤ እኔ ግን ያን ቀን «አደራሽን» ያልኳትን አመሰግናለሁ።