ዓመቱ የጠፋው ሳንቲም

እኛ የድሮ መዳብ ሳንቲም ወዳጆች በየዓመቱ መኸር ሲገባ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ አንድ የእሳት አደጋ ጣቢያ አዳራሽ እንሰበሰባለን። ዘንድሮ አጠገቤ የተቀመጡትን አሮጊት ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ማጉያ መነጽራቸውን በጫማ ክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል፤ ከሹራባቸው ኪስ የለስላሳ ብሩሽ ጫፍ ብቅ ብሏል።

መርል ሆስቴትለር የሚባል ገበሬ አንድ ልሙጥ ሳንቲም ይዞ መጣ። የአያቶቹ ቤት ባለፈው ክረምት ተቃጥሎ፣ ከመሠረቱ ሥር የተገኘው ይኸው ብቻ ነው። ቤቱ መቼ እንደተሠራ የሚነግረው ሌላ ነገር አልቀረም። የሳንቲሙ ዓመት ግን ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል።

"በኮምጣጤ ልፈትገው እንዴ?" ሲል ጠረጴዛው በሙሉ ጮኸበት።

"ፊትህንስ በአሸዋ ትፈትጋለህ?" አሉ አሮጊቷ። "ወዲህ በለው፣ የኔ ልጅ።"

ጠርዙን ብቻ ይዘው መብራቱን ዝቅ አደረጉና ጀርባውን አዩ። በዚያ ዘመን የሳንቲም ማተሚያው በእጅ ይቀረጽ ስለነበር፣ ጀርባው ላይ ያለው የቅጠል ጉንጉን ከማተሚያ ማተሚያ ይለያያል፤ የትኛው ማተሚያ በየትኛው ዓመት እንደሠራ ደግሞ ይታወቃል። እኔ የማየው ጥቁር ክብ ነገር ነው፤ እሳቸው ግን ከጉንጉኑ መሃል አንዲት ፍሬና ማተሚያው ሲሰነጠቅ የተወችውን እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር አገኙበት።

"ሺህ ሰባት መቶ ዘጠና ሰባት። ቤትህ ከዚያ በፊት አልተሠራም።"

መርል ባርኔጣውን አወለቀ። እኔም ወደ እሳቸው ዞሬ ጠየቅኋቸው።

"እንዴት አወቁት፣ እማማ?"

"ሠላሳ ዓመት የአራስ ክፍል ነርስ ነበርኩ" አሉ፣ ሳንቲሙን መርል መዳፍ ላይ እያስቀመጡለት። "አንድም ሕፃን ከሌላው አላምታታሁም።"