አጎቴ ደጋግሞ ያየው ፊልም

የጋለ ፕላስቲክ በሸተተኝ ቁጥር አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የነበረው ቤታችንና ከሥሩ ቤዝመንት ውስጥ የነበረን ቪዲዮ ማጫወቻ ትዝ ይለኛል። እንዴት ይግል እንደነበር ልንገርሽ፤ ሻይ ያፈላ ነበር ብልሽ ይሻላል።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤዝመንቱ ውስጥ የሚኖረው የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ጦሩ ሲበተን በሱዳን አድርጎ የመጣ ወታደር ነበር። ከእኛ ብዙ በማትርቀው አሌክሳንድሪያ ከተማ ታክሲ ይነዳል፤ ስለ ጦርነቱ ግን ትንፍሽ አይልም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለክላስ የተከራየሁትን ፊልም አብሮኝ አየ። ከጦርነት የተመለሰ አሜሪካዊ ወታደር የሞተ ጓደኛው እናት ደጃፍ ድረስ ይሄድና ሳያንኳኳ ይመለሳል።

«ለምን አይነግራትም?» አለኝ፣ ፊልሙን የሠራሁት እኔ ይመስል።

በሳምንቱ ደገመው። ከዚያም ሠለሰው። በመጨረሻ፣ «አብረውኝ ለዘመቱት ላሳያቸው ነው፤ አንቺ ትተረጉሚያለሽ» አለ።

«ጋሼ፣ አማርኛዬ እኮ አያወላዳም።»

«እንማራለና!»

ምሽግ፣ ግዳጅ፣ ቁስለኛ እያለ ደብተሬ ላይ አስጻፈኝ። ሰርቫይቨር በአማርኛ ምን እንደሚባል ስጠይቀው፣ «የተረፈ» አለኝ።

«እንደ ተረፈ ምግብ?» ብዬ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ዛሬ እሱ ያኔ ከነበረበት ዕድሜ አልፌም ያ ሳቄ ያሳፍረኛል።

አሌክሳንድሪያ፣ አንድ አፓርትመንት የስብሰባ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች ተገኙ። ጃኬታቸው ዝናብ ዝናብ ይሸታል። ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ ጮክ ብዬ ተረጎምኩ። ወታደሩ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ንግግር ስለሌለ ዝም አልኩ። አጎቴ ብድግ አለ።

«እማማ፣ ልጅዎ ሞቷል» አለ ወደ ቴሌቪዥኑ። «አብሬው ነበርኩ። በእጄ ነው የቀበርኩት።»

ፊልሙ ላይ ያለው ወታደር ግን እንደ ልማዱ ዞሮ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት አጎቴ ኩሽና ገብቶ ስልኩን አነሳ። እናቴ እጁን ያዘችው።

«ተዋቸው፤ ልጄ ይመጣል እንዳሉ በተስፋቸው ይኑሩ።»

«እስከ መቼ?» አላት።

ሦስት ጊዜ ሞክሮ ደሴ ገባለት። የጎረቤት ስልክ ስለነበር የሟች ጓደኛው እናት እስኪጠሩ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ነገራቸው። ምንም አላስቀረም። ነግሮ ሲጨርስ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ፤ ስልኩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው።

«ምን አሉህ?» አለች እናቴ።

«‹አንተስ ልጄ፣ ደህና ነህ?› አሉኝ» አለና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።