ስለ ጓደኞቼ የጻፍኩበት ደብተር

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጆች ከጓደኞቻቸው ጋር ሳሎን ወለል ላይ ክብ ሠርተው ይጫወቱ ነበር። ለእያንዳንዱ የተጠቀለለ ወረቀት ይደርሰዋል፤ ከወረቀቶቹ በአንዱ ላይ ብቻ «ሰላይ» የሚል ተጽፏል። ከዚያ ሰላዩን ለማግኘት ይጠያየቃሉ፣ ይካሰሳሉ፣ ይሳሳቃሉ። አንድ ሰው ጎደለባቸውና «አክስቴ፣ ነይ ተጫወቺ» አሉኝ። ወረቀት አንሥቼ ገለጥኩት። ሰላይ ይላል። ፊቴ ምን እንደመሰለ እንጃ፣ ትንሿ ወዲያው «አክስቴ ናት! አክስቴ ናት!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩና ወጡን ልየው ብዬ ወደ ኩሽና ገባሁ። ምድጃው ላይ ግን ምንም የተጣደ ነገር አልነበረም።

ደብተሩን ስጽፍ ሃያ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ኮምቦልቻ፣ ትምህርቴ ደሴ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ደሴ አክስቴ ዘንድ እቆይና ቅዳሜ ጠዋት በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ቤቴ እወርዳለሁ። ደሴ ላይ በጉም ውስጥ ሹራብ ለብሼ እሳፈራለሁ፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቤ ክንዴ ላይ ነው። ወሩ መስከረም ስለነበር መንገድ ዳር በለስና የበቆሎ እሸት ይሸጣል። የበለሱን እሾህ ሻጯ በቢላ ገፍፋ ስትሰጠኝ እንኳ አንድ ሁለቱ ጣቴ ላይ ይቀራል፤ እስከ ማታ ሲወጋኝ ይውላል።

ኮሌጁ ውስጥ የድራማ ክበብ ነበረን። የሚመራን ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ የአማርኛ መምህር ነው፤ ቲቸር ነው የምንለው። የዚያን ዓመት ራሱ የጻፈው ቲያትር በር ላይ ምልክት ስለሌለው አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ሰው ይጠራል፣ ይጠይቃል፣ ያስቀራል። ማን እንደሚመራው የሚያውቅ የለም፤ በደለኝ ብሎ የሚከስበትም ቦታ የለም። ሰይድ የሚባል የቅርብ ጓደኛዬ ነጋዴውን ይጫወታል። ሌላዋ ልጅ፣ ዘነበች፣ ልጇ የተወሰደባት እናት ናት። እኔ የመሥሪያ ቤቱ የመዝገብ ጸሐፊ ነኝ፤ በቲያትሩ ስሜም አልማዝ።

ቲቸር ቃለ ተውኔቱን ከማስጠናቱ በፊት እያንዳንዳችንን ወንበር ላይ አስቀምጦ እንደ ገጸ ባሕርያችን ሆነን እንድንመልስ ይጠይቀን ነበር። ዘነበች «መንገድ ላይ ጥሩ ልብስ የለበሰ ሰው ሁሉ ከዚያ ቤት የመጣ ይመስለኛል» አለች። ሰይድ እግሩን አነባብሮ «እኔን ምን ያደርጉኛል? ሲያልፉ ሰላም እላለሁ፣ ሲጠይቁ እመልሳለሁ። ወላሂ ከነሱ የሚጣላ ራሱ ፈልጎ ነው» ሲል ሳቅን።

ተራው የኔ ሆነ።

«አለቃሽ ማነው?» አለኝ ቲቸር።

«አይቼው አላውቅም። ትእዛዝ በፖስታ ይመጣል።»

«መሥሪያ ቤቱ ቢሳሳት ለማን ይነገራል?»

«አይሳሳትም። የተሳሳተ ሰው ነው ወደኛ የሚመጣው።»

ማንም አልሳቀም። ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም። ከወንበሩ ስነሣ ዘነበች ትንሽ ገለል ብላ አሳለፈችኝ። ደስ አለኝ፤ ጥሩ ተጫወትሽ ማለቷ መሰለኝ።

በነጋታው ቲቸር ለብቻዬ ጠራኝና ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ሰጠኝ። «እንደ አልማዝ ሆነሽ ስለ እኛ ጻፊ። የምታይውን፣ የምትሰሚውን ሁሉ። ለማንም አትንገሪ፤ ካወቁብሽ ልምምድ መሆኑ ይቀራል» አለኝ።

ጻፍኩ። መጀመሪያ እንደ ቤት ሥራ ነበር፤ ቆይቶ ግን እንደ ጣፋጭ ያዘኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሳምቡሳ እየበላሁ የሰው ወሬ ስሰማ፣ ሌሎቹ የማያውቁትን የማውቅ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። «ዘነበች ዘግይታ መጣች፤ ምክንያቷ አላሳመነም።» «ቲቸር ጋዜጣውን አጥፎ ኪሱ ከተተ።» ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ያኔ ግን የእጅ ጽሑፌ እንኳ አምሮ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሰይድ ዝም ማለት አበዛ። አንድ ዓርብ ከሰዓት በለስ እየበላን ሳለ ታላቅ ወንድሙ ከተወሰደ ሦስት ሳምንት ሆኖታል አለኝ። ሁለት ሰዎች ከሱቁ ጠርተው ወሰዱት፤ የት እንዳለ የሚነግራቸው አጡ። ፖሊስ ጣቢያ ሲሄዱ «እኛ ጋ የለም» ይሏቸዋል። እናቱ እህል አልቀምስ ብላለች። «ለማንም እንዳታወሪ፣ አደራ» አለኝ። አላወራሁም። ያን ቀን ማታ ግን ጻፍኩት። «ሰ. ስለ ወንድሙ ተናገረ። የተወሰደው ከሱቅ ነው። ቤተሰቡ ተናድዷል።»

የሚቀጥለው ሳምንት አዳራሹ ኋላ ወንበር ላይ የማናውቀው ሰው መቀመጥ ጀመረ። ካፖርት የለበሰ፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ነው። ልምምዳችንን ያያል፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፣ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ የሆነ ነገር ይጽፋል። በሁለተኛው ቀን የማናችንም ድምፅ አልወጣ አለ። ሰይድ ነጋዴውን መጫወት አቃተው፤ «ሰላም እላለሁ» የምትለዋን ቃል ዘሎ አለፋት። በሦስተኛው ቀን ሰውየው የሚያፈሰውን ጣሪያ ሊጠግን የመጣ አናጺ መሆኑን ሰማን፤ የሚጽፈውም የሚያስፈልገውን ቆርቆሮ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በፊት፣ ሁላችንም ማን ስለ እኛ ተናገረ ብለን እርስ በርስ ስንተያይ፣ ሰይድ እስክሪብቶ ሊዋስ ቦርሳዬ ውስጥ እጁን ሲያስገባ ደብተሩን አገኘው።

ቆሞ አነበበ። ከዚያ ገጹን ወደኔ አዞረው።

«ምንድነው ይሄ?»

«ልምምድ ነው። የአልማዝ ነው። ቲቸር ነው ያዘዘኝ።»

«ወንድሜም ልምምድ ነው?»

ቲቸር ሮጦ መጣ፣ እውነቷን ነው፣ እኔ ነኝ ያዘዝኳት አለ። ሰይድ ከእግር እስከ ራሱ አየው። «አንተንስ ማን አዘዘህ?» ብሎ ጃኬቱን አንጠልጥሎ ወጣ። የቲቸር ፊት አመድ መሰለ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወጡ። ዘነበች በአጠገቤ ስታልፍ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ስደርስ ዓይኔ አብጧል። አባቴ የፋብሪካ መካኒክ ነው፤ ብዙ አይናገርም። እናቴ ምስር ትለቅማለች። ምን ሆነሽ ሲሉኝ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

እኛ ቤት ይህ ነገር ቀላል አልነበረም። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤቶች ተዘግተው ወንጌላውያን በየሰው ቤት ተደብቀው ሲጸልዩ፣ በአባቴ የጸሎት ቡድን ላይ አንድ ሰው ጠቁሞ ነበር። ቡድኑን ሰብሳቢው ጋሽ ታደሰ ሁለት ዓመት ታሰሩ። ጠቋሚው ማን እንደሆነ አልታወቀም። እናቴ ግን እትዬ ሂሩት የምትባል ጎረቤት ናት ብላ ስለጠረጠረች ከዚያ ወዲህ ሰላም ብላት አታውቅም። በልጅነቴ ከሂሩት ልጆች ጋር እንዳልጫወት ተከልክያለሁ።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ሲጨርስ ጣቱን አንዱ መስመር ላይ አደረገ።

«‹ተናድዷል› አይረባቸውም» አለ። «ስለ ስሜት አይጠይቁም። የሚፈልጉት ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ ነው።»

የእናቴ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«አንተ ይሄን በምን አወቅህ?» አለችው።

መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ ደብተሩን እያየ፣ እኛን ሳያይ፣ ተናገረ። በደርግ ጊዜ የደኅንነት ሰዎች ጠርተውት ነበር። ስለ ሥራው፣ ስለ ልጆቹ ስም በስም እየጠሩ ነገሩት፤ ወረቀት ሰጡት። አራት ወር ጻፈ። «የማይጎዳ ነገር እየመረጥኩ ነበር የምጽፈው። ምን መዝሙር እንደተዘመረ፣ ማን እንዳመመው። አንድ ቀን ዳቦውን ማን እንዳመጣ ጻፍኩ። ዳቦ ምን ያመጣል ብዬ። ለካ ዳቦ የሚያመጣው ሰብሳቢው መሆኑን እነሱ ያውቁ ኖሯል።»

እናቴ ሰፌዱን ወለሉ ላይ አኖረች። ተነሥታ ነጠላዋን ከመስቀያው ወሰደች።

«ወዴት ነሽ?» አላት አባቴ።

«ሂሩት ጋ።»

በሩን አልዘጋችውም። ስትመለስ መሽቶ ነበር፤ ምን እንደተባባሉ አልነገረችንም። ከአባቴ ጋር ለወራት የተነጋገረችው ስለ ምግብና ስለ ልብስ ብቻ ነው።

በሳምንቱ አባቴ «አብረሽኝ ነይ» አለኝ። ከደሴ በሚኒባስ ቦሩ ሜዳ ሄድን። ጋሽ ታደሰ ከእስር ከወጡ በኋላ እዚያ መሬት ነበራቸው፤ ድንች ያመርታሉ። ሜዳው ላይ ብርዱ ይጠዘጥዛል፣ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው። ቅቅል ድንች በዳጣ ቀረበልን። አባቴ አልነካም።

«ጋሼ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አላቸው። «እርስዎን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ድንቹን መላጥ አላቆሙም።

«አውቃለሁ ዮሐንስ። ጽሑፍህን አሳይተውኛል።»

አባቴ አቀረቀረ። ሲያለቅስ ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት። ጋሽ ታደሰ የላጡትን ድንች ፊቱ አኖሩለት። «ብላ። ያሳዩኝ ያንተን ብቻ አልነበረም» አሉት።

አባቴ ቀና አለ። «ሌላ የማን?»

«ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አሉት።

ሰኞ ደሴ ተመልሼ ሰይድን ፈለግኩት። ስለ አባቴ ሁሉንም ነገርኩት፤ ለማንም እንዳያወራ አላልኩትም። ደብተሩን ሰጠሁትና እንደፈለገ ያድርገው ብዬ ተውኩለት። «አፉ ብያለሁ» ብሎ ይቅር አለኝ፤ እውነቱንም ይመስለኛል። ወደ ልምምዱም ተመለሰ። ቲያትሩ አንድ ጊዜ ታየ፤ ሰይድ ነጋዴውን ሲጫወት አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አልማዝን ግን የተጫወተችው ሌላ ልጅ ናት። የሰይድ ወንድም ከሁለት ወር በኋላ ተለቀቀ። ይህን የሰማሁት ከሰው ነው። ሰይድን ስጠይቀው «ደህና ነው» ብሎኝ ስለ አየሩ ጀመረ። ዛሬም ደሴ ስንገናኝ ስለ አየሩ ነው የምናወራው።

አባቴም ጋሽ ታደሰም አሁን በሕይወት የሉም። ጋሽ ታደሰ ለሞታቸው ቅርብ በነበሩበት ጊዜ እንኳ የሌላኛውን ጸሐፊ ስም አልተናገሩም፤ አባቴ ግን እስከ መጨረሻው ያስብ ነበር። ከጸሎት በኋላ ሰው እቤታችን ሲሰበሰብ፣ በጥያቄ ዓይን አንዱን ትቶ ወደ ሌላው ሲዞር አይቼዋለሁ። አንዳንዴ ዓይኑ እናቴም ላይ ያርፋል። እሷም ታውቃለች፤ አይታው እንዳላየች ሳህን ታነሣለች።

አባቴን ያጻፈው መሥሪያ ቤት ከፈረሰ ስንት ዘመን ሆነው። ወረቀቱ ይቃጠል፣ አንድ ምድር ቤት ይሻግት፣ እኔ አላውቅም። እናቴ አርጅታለች፤ እኔው ነኝ የማጥባት፣ የማበላት። ስለ ሌላኛው ጽሑፍ ልጠይቃት አስቤ አውቃለሁ። ባለፈው ወር የጡረታ ቅጽ ላይ ስሟን ስትፈርም አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ፊደሎቿ ትንንሽ፣ ቀጥ ያሉ፣ የሚያምሩ ናቸው፤ ሰማያዊው ደብተር ላይ የጻፍኳቸውን ይመስላሉ። እስክሪብቶውን ከእጇ ወሰድኩና ምሳሽን አሙቄልሻለሁ አልኳት።