«ማን ነገረህ?» ያለች እናት

ደግፌ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን የገደለው በግንቦት ወር፣ አንድ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ነው። ከዚያ ወዴት እንደሄደ ከተማው ብዙ አወራ። ጫካ ገባ ተባለ፣ በኮንሶ መንገድ አመለጠ ተባለ። የሄደው ግን ወደ እናቱ ቤት ነበር።

እናቱ ወለቴ ትባላለች። አርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ ውስጥ፣ ከእኔ የስፌት መኪና ፊት ለፊት ቆጮ ትሸጣለች። ደጋው ላይ ኦቾሎ ተወልዳ፣ አግብታ ወደ ቆላ የወረደች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ቆጮ እየሸጠች ያሳደገች ሴት ናት። ቁመቷ አጭር ነው፤ ድምፅዋ ግን ከገበያው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። ሚዛን የሚያጭበረብር ነጋዴ ካየች የራሷን ደንበኛ አቁማ ሄዳ ትሰድበዋለች። ስለዚህ የሚወዳትም የሚፈራትም ብዙ ነበር።

ያን ጠዋት ልጇ ሲያንኳኳ ለገበያ የምትወስደውን ቆጮ በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች ነበር። ከፈተችለትና ሸሚዙን አየች።

«ልጆቹስ?» አለችው።

አልፏት ገብቶ ተቀመጠ።

«ሚስትህስ፣ ሔርሜላስ?»

«ውሃ ስጪኝ፣ እማ።»

ቀድታ ሰጠችው። እሱ ሲጠጣ እሷ ወጣች፤ በሩን ከውጭ ቆለፈች፤ ከጎረቤት ስልክ ፖሊስ አስጠራች። ፖሊስ እስኪደርስ ከበሩ ፊት ንቅንቅ አላለችም። ከውስጥ «እማ፣ ክፈቺልኝ» ይላታል፤ አልከፈተችም። ይህን የነገረችኝ ስልኩን ያዋሰቻት ጎረቤቷ ናት። ወለቴ ራሷ ስለዚያ ጠዋት ለገበያ ሰው አንድም ቀን አውርታ አታውቅም።

ከተማው የሰማው ገዳዩ እናቱ ቤት መያዙን ብቻ ነው። «ደብቃው ነው» ተባለ። በማግስቱ፣ አስከሬኖቹ ለቀብር ወደ ገረሴ በተላኩበት ቀን፣ ድንጋይ የያዘ ሰው ቤቷን ከበበ። እኔም ሥራዬን አቋርጬ ሄጃለሁ። ድንጋይ አልያዝኩም፤ «ተዉ» ያልኩት ሰው ግን የለም። አንዱ «እባብ የወለደች!» ይላል፤ ሌላው «ከከተማችን ትውጣ!» ይላል። ቆርቆሮው ላይ ሁለት ሦስት ድንጋይ አረፈ።

በሩ ተከፈተና ወለቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ብቅ አለች። ፊቷ አብጦ ነበር።

«ጨረሳችሁ?» አለች።

ከደጃፉ ወርዳ ፊታችን ቆመች።

«ሄራን ሰባት ዓመቷ ነው። ነህምያ አራት። አያታቸው እኔ ነኝ፤ ልቀብራቸው ገረሴ እየሄድኩ ነው። ቤቱን ማቃጠል የፈለገ ያቃጥል፤ ውስጡ ከቆጮ በቀር የለም። አሁን ግን መንገድ ልቀቁ።»

ከፊቷ የቆመው ጎረምሳ ድንጋዩን እንደያዘ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። ከኋላው የነበረውም እንደሱ። መካከላችንን ሰንጥቃ ወደ መናኸሪያው ወረደች። ሰዉ ትንሽ ቆሞ፣ እርስ በርሱ ሳይተያይ ተበተነ።

ገረሴ የሔርሜላ አገር ነው። ሔርሜላ አርባ ምንጭ የመጣችው የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ሆና ነበር። ደግፌ ያኔ የሙዝ ጭነት መኪና ይነዳል፤ ተዋወቁ፣ ተጋቡ። ታላቅ ወንድሟ ዘካሪያስ በሠርጉ ቀን ወለቴን «እማማ» እያለ በገዛ እጁ አጉርሷታል። ለቅሶው ላይ ሲያያት ግን ክንዱን ዘርግቶ የመቃብሩን ግቢ በር ዘጋባት።

«አንቺ ከዚህ አታልፊም።»

«እሺ» አለች። «ከዚህ አለቅሳለሁ።»

ዝናብ ነበር። ሦስቱ ሳጥኖች ገብተው አፈሩ እስኪሞላ መንገዱ ዳር ቆማ፣ የልጅ ልጆቿን ስም እየጠራች አለቀሰች። ከዚያ በእግሯ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ተመለሰች።

ከሰባት ቀን በኋላ ገበያ ወጣች። የእድሩ ሰዎች መጥተው «ነገሩ እስኪበርድ ቤትሽ ብትቀመጪ» አሏት።

«የገደለው ልጄ ነው» አለቻቸው። «በእድር ደንባችሁ ቆጮ መሸጥ ክልክል ከሆነ አሳዩኝ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም አልገዛትም። ጠዋት ትዘረጋለች፤ ማታ ጠቅልላ ትመለሳለች። መጀመሪያ የገዛቻት ከሌላ ወረዳ የመጣች፣ ማንነቷን የማታውቅ ሴት ነበረች። ወለቴ ያን ቀን ከሚገባው አብልጣ ቆርሳ ስትሰጣት አይቻለሁ።

የሰው ነገር ግን መቼም አንድ ቦታ አይቆምም። መጀመሪያ ፌስቡክ ላይ የሔርሜላና የልጆቿ ፎቶ ሲወጣ ሁሉም አለቀሰ፤ «ይሰቀል» አለ። ክረምቱ ሲገባ ቋንቋው ተለወጠ። «ደግፌ እኮ ዝምተኛ ልጅ ነበር» ተባለ። «ሰላምታው ብቻ!» ተባለ። ቀጥሎ «ሰው ያለ ምክንያት እንዲህ አያደርግም» መጣ። ከዚያ «አሉ» የምትባለዋ ቃል ገባች። ባሏ መንገድ ሲወጣ ሌላ ወንድ ታስገባ ነበር አሉ። ንቃው ነበር አሉ። ደመወዝተኛ ነኝ ብላ ትኮራበት ነበር አሉ። መስከረም ሲጠባ ሔርሜላ ለገዛ ሞቷ ተጠያቂ ሆና ቁጭ አለች።

እኔም አልቀረሁበትም። አንድ ቀን ደንበኛዬን ሱሪ እየለካሁት፣ ለወሬ ያህል፣ «ልጆቹም የሱ አይደሉም ነው የሚባለው» አልኩ። ቀና ስል ወለቴ ከፊቴ ቆማለች።

«ሚካኤል፣ ምን አልክ?»

«ኧረ ምንም፣ እማማ...»

«ሰምቻለሁ። ማን ነገረህ?»

«ሰው ነው ያለው።»

«ሰው ስም አለው።»

ሻይ ቤት ያላት ሴት ናት አልኳት።

«ተነስ» አለችኝ። «አብረን እንሂድ። እዚያ ስንደርስ አላልኩም እንዳትል።»

ለምን እንደታዘዝኳት እስካሁን አላውቅም። ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ተከተልኳት። ሻይ ቤቷ በሰው ሞልታለች። ወለቴ ድምፅዋን ሳትቀንስ ጠየቀች፤ «ልጆቹ የደግፌ አይደሉም ያልሽ አንቺ ነሽ? ማን ነገረሽ?» ሴትየዋ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ኋላ ጎማ ጠጋኙ ነው አለች። ጎማ ጠጋኙ ጋ ሄድን። እሱ ሳቀ፤ ወለቴ እንደማትስቅ ሲያይ ሳቁን ዋጠና አንድ የባጃጅ ሹፌር ጠቆመን። በየደረስንበት የሚከተለን ሰው ይጨምራል። የባጃጁ ሹፌር መናኸሪያው በር ላይ ተገኘ።

«እኔ ከራሴ አላመጣሁም» አለ እየማለ። «አቶ ማቴዎስ ናቸው ያሉኝ። ከፍርድ ቤት ወደ ቤታቸው ስወስዳቸው፣ ቃል በቃል እሳቸው ናቸው።»

ማቴዎስ የወለቴ ሟች ባል ወንድም ነው፤ በሽምግልና የታወቀ፣ ሰው የሚያከብረው።

«እንግዲያው ወደሱ ውሰደን» አለችና ባጃጁ ውስጥ ገባች።

ዳገቱን ወጥተን ላይኛው ሰፈር ሸቻ ደረስን። ማቴዎስ ግቢው ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር። ወለቴ አልተቀመጠችም።

«ይህን ወሬ ያወጣኸው አንተ ነህ?»

እሱም አልካደም። «ለማን ብዬ ይመስልሻል? ላንቺው ልጅ ነው። ክብሩ ተነክቶ፣ ደሙ ፈልቶ ያደረገው ነው ከተባለ ቅጣቱ ይቀላል። የሞተ ሞቷል፤ የቀረውን እናትርፍ። ደግሞ ሽማግሌ ሰብስበን፣ እርጥብ ሳር ይዘን ገረሴ እንወጣለን። አንቺም ከፊት ትሆኛለሽ። በአገራችን ሳር ይዞ የመጣን ማን ይመልሳል?»

«ሳር የሚያዘው በድያለሁ ለማለት ነው» አለች ወለቴ። «እናንተ በደሉን ለሟቿ አሸክማችሁ ሳሩን ልትይዙ ነው። እኔ ከፊትም ከኋላም አልሆንም።»

«እናት ሆነሽ ልጅሽን ለገመድ ትሰጪዋለሽ?»

«ሔርሜላ አፍ የላትም፣ ማቴዎስ። እኔ አለኝ።»

በማግስቱ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሄዳ የምስክር ቃሏን ሰጠች።

ፍርድ ቤት የቆመችው በኅዳር ነው። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያያል። ደግፌ ከወታደር ጋር ገብቶ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ዳኛው፣ አፍ የፈታችው በጋሞኛ መሆኑን ስለሰሙ፣ «አስተርጓሚ ይፈልጋሉ?» ብለው ጠየቋት።

«አልፈልግም» አለች። «ሔርሜላን ያሟት በአማርኛ ነው። እኔም በአማርኛ እናገራለሁ።»

ስትጨነቅ አማርኛዋ ይንገዳገዳል፤ ሴቱን ወንድ ታደርገዋለች። «ሔርሜላ ሁለት ጊዜ ወደ እኔ መጣ» ብላ ጀመረች። ሌላ ቀን ቢሆን የሚስቅ አይጠፋም ነበር፤ ያን ቀን አንድም ሰው አልሳቀም። ውሃ ሰጧት፤ ጠጥታ እንደገና ጀመረች።

«መጀመሪያ የመጣችው አምና፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ነው። ዓይኗ አብጦ ነበር። ሁለተኛ የመጣችው በዐቢይ ጾም ነው፤ ሁለቱን ልጆች ይዛ፣ ክንዷን ደግፋ። ‹እማማ፣ ይገድለኛል› አለችኝ። እኔ ምን አልኳት? ‹ትዳር ነው፣ ቻይው፤ እኔም ችዬ ነው› አልኳት። አጠገቤ አስተኝቼ እንኳ አላሳደርኳትም። ሻይ አጠጥቼ መለስኳት።»

በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን አብሳ ቀጠለች።

«ሌላ ወንድ አልነበረም። ልጆቹም የደግፌ ናቸው፤ ነህምያን ያየ የደግፌን የሕፃንነት ፊት አይቷል። ሔርሜላን የገደላት የልጄ ዱላና የእኔ ምክር ነው። ስሟን ለቀቅ አድርጉት።»

ጠበቃው ተነሳ። «በልጅዎ ላይ ቂም አለዎት?»

«ቂም?» አለች። «በየእሑዱ ማረሚያ ቤት ስንቅ የማደርሰው እኔ ነኝ። ‹ደብድበሃት ነበር› ብዬ ፊት ለፊት የነገርኩትም እኔው ነኝ። ልጄ ነው፤ አልካድኩትም። እውነቱንም አልክድም።»

ደግፌ ያን ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ አያት። ወዲያው መልሶ አንገቱን ደፋ።

ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ፍርዱን ሰምተን ከአዳራሹ ስንወጣ ዘካሪያስ ደረጃው ላይ ጠበቃት። ከቀብሩ ወዲህ ሲነጋገሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ መጥቼ እወስዳት ነበር» አላት።

«አዎ» አለች።

«ይቅር አልልሽም።»

«ይቅር በለኝ ልልህ አልመጣሁም፣ ልጄ። ያለውን ልናገር ነው የመጣሁት።»

ዘካሪያስ ደረጃውን ወርዶ ሄደ። እሷም መንገዷን ቀጠለች።

ከዚያ ወዲያ የማቴዎስ ቤተሰብ ሰላምታ ነሳት። ገበያ ውስጥ «ልጇን የበላች» የሚሏት አሉ፤ ትሰማለች፣ ሥራዋን አታቆምም። ሌሎች ደግሞ ያወድሷት ጀመር፤ ይሄ ይብስ አናደዳት። አንድ ዩቲዩብ የሚሠራ ወጣት ካሜራ ደግኖ «እማማ፣ ሕዝቡ ጀግና እናት ይልዎታል፤ ምን ይላሉ?» አላት።

«ጀግና ብሆን ሔርሜላን አልመልሳትም ነበር» አለችው። «እሱን ዕቃህን ከቆጮዬ ላይ አንሳ።»

በጥር አንዲት ሙዝ ቸርቻሪ፣ ወርቂቱ የምትባል ልጅ፣ ጥርሷ ወልቆ፣ ከንፈሯን በሻርፕ ሸፍና ወደ ወለቴ መደብ መጣች። ምን እንዳወሩ አልሰማሁም። ወለቴ ቆጮዋን እንደተዘረጋ ትታው ልጅቷን ይዛ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ከዚያ ቤቷ ወሰደቻት። በሦስተኛው ቀን፣ ገበያው በሞላበት ሰዓት፣ የልጅቷ ባል እየፎከረ መጣ።

«ሚስቴን አምጪ! አንቺ ማን ነሽ በሰው ትዳር የምትገቢ?»

ወለቴ እጇ ላይ የተጣበቀውን ቆጮ በቅጠል ጠራርጋ ብድግ አለች።

«እኔ የደግፌ እናት ነኝ» አለች፣ በዚያ ገበያ በሚያዳርስ ድምፅዋ። «ሦስት ሰው የገደለው ደግፌ። ‹ቻይው› ብዬ ምራቴን ወደሱ የመለስኳት ወለቴ እኔ ነኝ። ይቺን አልመልስም። የምትመታ ከሆነ በእኔ ጀምር፤ ሰው ሁሉ ያይሃል።»

ሰውየው አንድ እርምጃ ወደፊት አለ። እኔ መቀሴን አስቀምጬ ተነሳሁና ከጎኗ ቆምኩ። ሻይ ቤት ያላት ሴትዮ ወጣች። ጎማ ጠጋኙም መጣ። ግራና ቀኟን ይዘን ቆምን። ሰውየው ሁላችንንም አየና፣ ስድቡን ወርውሮ ሄደ። ሁለት ቀን ሳይቆይ ፖሊስ ይዞ ጠየቀው።

ወርቂቱ አሁንም ወለቴ ቤት ናት። ገበያ ውስጥ ሙዟን ከቆጮው አጠገብ ዘርግታ ትሸጣለች። እሑድ እሑድ ወለቴ ስንቋን ይዛ ወደ ማረሚያ ቤት ስትሄድ መደቡን የምትጠብቅላት እሷ ናት።