ለሁሉም አሥር የሚሰጠው ልብስ ሰፊ

ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው «ሜትር» በሚል ስም ነው። እናቱ ያወጡለትን ስም ከሐኪም ቤት በቀር የሚጠራው የለም። መለኪያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይውላል፣ አንጠልጥሎ ይበላል፣ ሚስቱ እንደምትምለው ከሆነ ደግሞ አንዳንዴ አንጠልጥሎ ይተኛል። ጋዎን፣ የሥራ ልብስና የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል፤ የሚኩራራ ሰው ሲገኝም ሙሉ ልብስ። የሱቁ ግማሽ የእሱ ነው። ሌላው ግማሽ የቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራውና ጠርዝ የምትጨርሰው ባልደረባው ነው። እሷን ደግሞ «ሬዲዮ» ይሏታል። ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ባትሪዋ አልቆ አያውቅም።

ሜትር በሕይወቱ አጥብቆ የሚጠላው አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ልብሱን ሲለካ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ብሎ ሄዶ፣ ሰፈር ሲደርስ «ብብቴን ሊቆርጠኝ ነው!» እያለ የሚያማውን ደንበኛ። «እዚሁ ቆሞ ቢናገር አፉን ያመዋል?» ይላል ጠመኔውን እያወዛወዘ። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

የስፌት መኪናው በሩ ሥር ናት። በሩ ክረምት ከበጋ ክፍት ነው። ዝናብ ሲያወርድ ጨርቁ ይረጥባል፣ ሬዲዮ ታስነጥሳለች፣ በሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ሰው ሲጠይቀው «ለብርሃኑ ብዬ ነው» ይላል። የምን ብርሃን! በር ሲዘጋበት ልቡ ፔዳሉን ማንም ሳይረግጠው እንደ ተነሳ መኪና መሮጥ ይጀምራል። ላብ ያጠምቀዋል፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ «አሁንስ አለቀልኝ» ይላል። አያልቅለትም። ትንሽ ቆይቶ ይለቀዋል። እንደሚለቀው ማወቁ ግን ምንም አልፈየደለትም፤ በሚቀጥለው ጊዜም ያው «አለቀልኝ» ነው።

ይህን ሁሉ ዘመን በሩን ከፍቶ ችሎ ኖሯል። ነገር የመጣው የሕንፃው ባለቤት ምድር ቤቱን ለባንክ የሰጠ ዕለት ነው። ልብስ ሰፊዎቹ አራተኛ ፎቅ ይውጡ ተባለ። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው። በሩ ግን ወደ ጠባብ ኮሪደር ይከፈታል፣ ኮሪደሩም ሌላ በር አለው፤ ኮሪደሩ የጋራ ስለሆነ ደግሞ ሁለቱም ተዘግተው እንዲውሉ ትእዛዝ ነው። ሬዲዮ አይታው ስትመለስ ከደስታዋ ብዛት እግሯ መሬት አልነካም።

«መስኮቱን ብታየው! ሰፈሩ በሙሉ እንደ ሲኒማ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ሳልነሳ አያለሁ።»

ሜትር ሊያይ ሄደና፣ ገና ሁለቱን የተዘጉ በሮች ሲያስባቸው ልቡ ተነስቶ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የደረጃውን ብረት ጨብጦ ቀረ። ወርዶ «ጉልበቴን አሞኝ ነው» አላት።

«ጠዋት ታክሲ አምልጦህ ስትሮጥ ጉልበትህን የት ጥለኸው ነበር?» አለች ሬዲዮ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ይህም ለእሷ ብርቅ ነው። «ስማኝ ሜትር፣ በሽታህን አውቀዋለሁ፤ እኔ የማላውቀው ምን አለ? ሌላ ልብስ ሰፊ ይዤ ልወጣ አልፈልግም። ያንተን አመል ለመልመድ ፀጉሬ ሸብቷል፣ ለሌላ ሰው የሚሸብት አልተረፈኝም። ግን ወሩ ሲያልቅ ቁልፍ እናስረክባለን። ካልወጣህ ሰው መፈለጌ አይቀርም።»

ነገሩ ይኸው ነው። ወይ ይወጣል፣ ወይ ሱቁንም ሬዲዮንም ያጣል።

ሕክምናውን አልጀመረም እንዳትሉ። ጀምሯል፤ እንዲያውም የቀረው ሕክምና የለም። ሐኪሙ ክኒን አዞለታል። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ለዚሁ ጭንቀት የሚታከሙ ሰዎች ክብ ሠርተው የሚነጋገሩበት ክፍል ይሄዳል፤ ክፍሉን የምትመራው አንዲት ነርስ ናት፣ ሁሉም «ሲስተር» ይላታል። ቤት ሲገባ አማቱ ትኩስ ወተት በማር ይዘው ይጠብቁታል። እንደ አማቱ ከሆነ በሽታው የሚመጣው በእግር ብርድ ነው፤ ስለዚህ ወተቱ የሚጠጣው ወፍራም ካልሲ ተደርጎ ነው።

አንድ ቀን ሲስተር ክቡን ዞር ብላ አየችና «ዛሬ እናንተ ናችሁ ፈታኞቹ» አለች። «እስካሁን የሞከራችሁትን ሁሉ ከአሥር ስንት ትሰጡታላችሁ? የምትሉትን ለሐኪሙ እነግረዋለሁ። የማይስማማችሁን የሚቀይረው በዚያ ነው።»

የአውቶቡስ ሹፌሩ ቀደመ። «ክኒኑን ዘጠኝ! እሱን ከጀመርኩ ወዲህ ድልድይ ሳይ ‹ጎማ ፈንድቷል› ብዬ ተሳፋሪ አውርጄ አላውቅም።»

«እኔ ሁለት» አለች ጡረታ የወጣችው መምህርት። «እንግዳ አስቀምጬ ሻይ እየቀዳሁ አንኮራፋሁ። ከአማካሪዋ ጋር ቁጭ ብዬ መነጋገሩን ግን ስምንት እሰጠዋለሁ።»

ሹፌሩን ከነከነው። «ሁለት? እኔን ሰው ያደረገኝን መድኃኒት?»

«ያንተን ወረቀት መቼ አረምኩ ወንድሜ? የራሴን ነው ያረምኩት!»

ተራው ሜትር ጋ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ክኒኑን ስንት ይሰጡታል?»

«አሥር።»

«የትንፋሽ ልምምዱን?»

«እሱንም አሥር።»

«ቀስ በቀስ ወደሚፈሩት ቦታ መሄዱንስ?»

«አሥር።»

«ጀመሩት እንዴ?»

«ገና ነኝ ሲስተር፤ ግን ሲያዩት ጥሩ ነገር ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሹፌሩ ዓይኑን እየጠረገ «የአማትህ ወተትስ?» አለው።

«አሥር ነዋ! አማቴ ናቸው እኮ!»

እውነቱ ግን ክኒኑ አፉን እንደ ጠመኔ አድርቆታል። ከምሳ በኋላ የመርፌዋ ዓይን ሁለት ሆና ትታየዋለች፣ ክሩን በሌለችው በኩል ሊያስገባ ይታገላል። የትንፋሽ ልምምዱ ደግሞ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ይሠራል፣ ደረጃ ላይ ሲቆም ይጠፋዋል። ታዲያ እንዴት ብሎ ይናገር! ሐኪሙ ክኒኑን ሲጽፍለት እንዴት ያለ ደግ ፈገግታ ፈገግ ብሎ ነበር! ያን ሰው «አራት» ማለት በጥፊ እንደ መምታት ነው። ይሉኝታ ይሉታል ይህን፤ ለእሱም ክኒን ቢኖር ሜትር አሥር ይሰጠው ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? አሥር ያመጣን ማን ይነካዋል! ሐኪሙ «በጣም ጥሩ፣ በዚሁ ይቀጥሉ» አለ። ሜትርም በዚሁ ቀጠለ፤ ማለትም እዚያው ሁለተኛ ፎቅ ላይ።

በሳምንቱ ሲስተር ያሰፋችውን ጋዎን ልትለካ ሱቅ መጣች። ሜትር በስስ ክር ያዝ ያዝ አድርጎ አለበሳት። መስታወቱ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች።

«እንዴት ነው ሲስተር?»

«ልክ ነው።»

ሜትር አንዴ ወገቧን፣ አንዴ ትከሻዋን አየ። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጥቷል። ሆዷ የለም፤ ወዴት እንደሄደ አይታወቅም።

«ትንፋሽ ይዘዋል እንዴ?»

«ልክ ነው አልኩ እኮ» አለች በተጨነቀ ድምፅ፣ ፊቷ እየቀላ።

ያን ጊዜ ሜትር ደሙ ፈላ፤ አንቱታው ሁሉ ጠፋው። «ተንፍሺ! ተንፍሺ ባክሽ! ትንፋሽ ይዘሽ ከለካሁሽ፣ ትንፋሽ ለያዘች ሴት ነው የምሰፋው። ስትተነፍሺ ምን ልትለብሺ ነው? ለእኔ አዝነሽ ልክ ነው ብትዪኝ እኔ ምን እጠቀማለሁ? ጠበበኝ በዪኝ! ጠበበኝ ካላልሽ እኔ የቱን ልፍታልሽ?»

ሲስተር እፎይ ብላ ተነፈሰች። የጎኑ ክር ተተረተረ።

«ጠቦኛል» አለች። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ አየችው። «እርስዎስ ጋሼ? ክኒኑ ስንት ነው ያሉኝ?»

ሜትር የተተረተረውን ክር መልቀም ጀመረ። ከኋላው የሬዲዮ መኪና ቀጥ አለ፤ ወሬ ሲሸታት ስፌት ታቆማለች።

«…አራት» አለ ሜትር፣ መሬት መሬት እያየ። «አራትም ስለማከብራችሁ ነው።»

ሲስተር ትንፋሿን የያዘችው ሆን ብላ ይሁን ወይስ እንደ ማንኛችንም ቀጠን ብላ ለመታየት፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሬዲዮ ግን «ሆን ብላ ነው!» ብላ ያንኑ ቀን አሰራጭታዋለች።

ሐኪሙ አራትን ሲሰማ በጥፊ እንደ ተመታ ሰው አልሆነም። «እንኳን ነገሩኝ» ብሎ ክኒኑን በሌላ ቀየረለት። የመርፌዋም ዓይን ወደ አንድ ተመለሰች። አፉ አሁንም ትንሽ ይደርቃል፤ ስድስት ሰጠው። ደረጃውን ደግሞ አንድ አንድ ፎቅ እየጨመረ እንዲለማመድ፣ ልቡ ሲሮጥም እስኪበርድለት ባለበት እንዲቆም፣ አብሮት የሚወጣ ሰውም እንዲፈልግ ሲስተር ነገረችው።

ማን ይሆናል? ሬዲዮ ናት እንጂ።

የሬዲዮ ዘዴ በሕክምና መጽሐፍ ይኑር አይኑር እንጃ። ከደረጃው ሥር ወሬ ትጀምራለች፣ የወሬው እምብርት ላይ ስትደርስ ዝም ብላ ወደሚቀጥለው ፎቅ ትወጣለች።

«የሕንፃው ባለቤት ሚስት ሻንጣውን በመስኮት ወረወረችው አሉ። ሻንጣው ተከፈተ። ውስጡ ምን ተገኘ መሰለህ…» እና ሽቅብ!

«ምን ተገኘ? አንቺ! ምን ተገኘ?»

«ና ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለው!»

ሜትር እየተራገመ ይወጣል። ልቡ ይመታል፣ ብረቱን ይጨብጣል፣ ይቆማል፣ ይበርድለታል። አንዳንድ ቀን ከሁለተኛው ፎቅ ይመለሳል፤ በማግስቱ ወሬው ከዚያው ይቀጥላል። የሻንጣው ነገር ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ የጎረቤት ስም ገብቶበት ነበር። ለመልሱ ጓጉቶ ምሳውን ሳይጨርስ የተነሳበት ቀንም አለ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል አራተኛ ፎቅ ደረሱ። ሬዲዮ የኮሪደሩን በር ዘጋች፣ የክፍሉን በር ግን እጀታውን ይዛ ጠበቀችው።

«ልዝጋው?»

«ዝጊው።»

ተዘጋ። የሜትር ልብ ተነሳ። ግንባሩ ወዛ። መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ፤ ሰፈሩ እውነትም እንደ ሲኒማ ነው።

«እንዴት ነው? ልክ ነው?» አለች ሬዲዮ።

«ልክ ነው» ሊል ነበር። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አይደለም» አለ። «ይጠባል። ብብቴን ይዞኛል።»

«ልክፈተው?»

ትንሽ አሰበ። ልቡ መሮጡን ባይተውም እንደ ቅድሙ አይጋልብም። «ቆይ፣ አትክፈቺው። ይለበሳል። ይልቅ ሻንጣው ውስጥ ምን ነበር?»

ሬዲዮ የተሰፋ ጨርቅ እንደምትፈትሽ ሴት ጥፍሯን አየች። «እኔ ምን አውቄ! ሻንጣ መወርወሩን ብቻ ነው የሰማሁት። የቀረውን ደረጃው ነው ያስጨመረኝ።»

ሜትር መለኪያውን ከአንገቱ አወረደ። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ፣ በዚያ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እስኪያስለው ሳቀ።

«ደረጃውን ስምንት» አለ፣ መኪናዋ የምትቆምበትን ቦታ መስኮቱ ሥር መለካት እየጀመረ። «ወሬሽን ግን ሦስት። ሦስትም ስለማከብርሽ ነው።»